ተምሮ ተምሮ ለጫካ!

ባለፈው ክረምት ዳንግላ ወንድሜ ቤት የሄድኩት እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት ነበር። የወንድሜ ልጅ የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ትምህርቱን በደኅና ውጤት ጨርሶ ለዕረፍት መጥቷል። ጠላው ተጠምቋል፤ ዶሮው ታርዷል። ደጃፉን አልፌ ስገባ የጠበቀኝ ግን የደስታ ቤት አይመስልም። የልጁ እናት ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም እንጂ ፊቷን አዘቅዝቃለች። ሁለት የጎረቤት ሴቶች በሹክሹክታ ያወራሉ። ልጁ ጥግ ይዞ አቀርቅሯል።

«ምነው፣ ምን ሆናችኋል?» አልኩ።

«የልጅህን ነገር አልሰማህም እንዴ? ደን ደረሰው» አለችኝ እናቱ።

አባባሏ በደርግ ጊዜ ልጇን ብሔራዊ ውትድርና የደረሰባት እናት አባባል ነው። «ጓደኛው አካውንቲንግ ገባ፤ ያኛውም ኮምፒዩተር ገባ፤ የኔው ልጅ ደን ደረሰው» ብላ ደገመችልኝ። ከጎረቤቶቹ አንዷ፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ ከንፈራቸውን መጠጡና «ተምሮ ተምሮ ለጫካ! ጫካውንማ እዚሁ ከአያቱ ጓሮ ያገኘው አልነበረም ወይ?» አሉ። ወንድሜ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አንተ ሰው አታጣም፤ እባክህ አስቀይርለት» አለኝ።

«አስቀይርለት» የሚለኝ እኔን ነው። በደን ሙያ ተመርቄ ከሃያ ዓመት በላይ የዚያኑ ሙያ እንጀራ የበላሁትን፣ ከዚያው እንጀራ ቆርሼ ለዚሁ ልጅ ደብተርና ጫማ የገዛሁትን እኔን። ቤተ ሰቡ ሁሉ ይህን ያውቃል። ነገር ግን እኔን የደን ሰው ነው ብሎ የሚቆጥረኝ የለም። ሲጠየቁ «ቢሮ ነው የሚሠራው» ነው የሚሉት። እውነታቸውን ነው። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

የዚያን ዕለት እንግዳ ነበርኩና የቀረበልኝን በልቼ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን ውሎ አድሮ ከነከነኝ። ይህ ጽሑፍ ያኔ ያልመለስኩት መልስ ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው። በአገው ምድር ገበሬው ደንን ሙያ ካደረገው ዓመታት ተቆጥረዋል። ደንን ሙያ ያላደረግነው እኛ ተምረናል የምንለው ነን። የዚህንም ዋጋ ዛሬ ዛፉም ገበሬውም እየከፈሉት ነው።

* * *

አንባቢ ሆይ፣ አገው ምድርን የማታውቀው እንደ ሆነ እስቲ አብረን እንጓዝ። ከዳንግላ ተነሥተን በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ እንጅባራ እንውጣ። እንጅባራ የቀድሞ ስሟ ኮሶ በር ነው። ከተማዋ በዛፍ ስም ስትጠራ የኖረች ናት ማለት ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የምታየው ማሳ እንደ ደረጃ የተደረደረ ይመስልሃል። እዚህ ጋ ከጤፉ መካከል ጣት የምታህል ችግኝ ብቅ ብላለች። ቀጥሎ ያለው ማሳ ዛፉ ከሰው ቁመት አልፏል፤ ሥሩ ላይ ሣር ይታጨዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ድፍን ጫካ ሆኗል። ከጫካው ጎን ደግሞ ዛፉ ተቆርጦ፣ ከሰሉ ወጥቶ፣ መሬቱ እንደገና ታርሶ ታገኘዋለህ። በአስፋልቱ ዳር ከሰል የሞላበት ማዳበሪያ ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል።

ይህ ዛፍ ገበሬው «ዲከረንስ» የሚለው ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን ከግራር ወገን ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች እጅ ገብቶ መስፋፋት የጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከዚያም ወደ አጎራባቾቹ ወረዳዎች ተሻገረ። የአካባቢው ደጋ ዝናቡ ብዙ ነው፤ አፈሩም ታጥቦ ታጥቦ ኮምጣጣ ሆኗል። ገበሬው ጤፍ ዘርቶ እፍኝ ሲያፍስ፣ ገብስ ዘርቶ ገለባ ሲሰበስብ የኖረበት መሬት ነው። ዲከረንስ እንደ ባቄላና እንደ አተር በሥሩ ላይ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙ ጓጉላዎች አሉት። ስለዚህ በደከመ መሬት ላይ ይበቅላል፤ የደከመውንም መሬት ያሳርፋል።

ገበሬው ያደረገውን ልብ በል። ችግኙን ከጤፉ ጋር በአንድ ክረምት ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ከዛፉ ሥር ሣር አጭዶ ከብቱን ይቀልባል፤ የተረፈውንም ይሸጣል። በአራተኛው፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዓመት ዛፉን ይቆርጣል። ግንዱን እዚያው ማሳው ላይ ከምሮ፣ በሣርና በአፈር አልብሶ፣ እሳት ለኩሶ ያከስላል። ክምሩ የነደደበትን ቦታ ሲያርሰው እህሉ ከሌላው ቦታ ይልቅ ጠቁሮ ይበቅልለታል። ከዚያ እንደገና ጤፍና ችግኝ። ይህን የመሰለ የዙር አሠራር በእስያም በአፍሪካም የደን ሰዎች መጽሐፍ ጽፈውበታል፤ ሴሚናር አድርገውበታል። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ግን ሴሚናር ሳይጠራ፣ አበል ሳይቆረጥለት በገዛ ማሳው ላይ አደረገው። በአገራችን ደን እየመነመነ ሄደ እያልን ስናለቅስ፣ በዚህ ወረዳ በዛፍ የተሸፈነው መሬት እየሰፋ ሄደ።

አሁን ደግሞ እጅ እንቁጠር። ዘሩን የሚለቅም አለ። ዘሩ በፈላ ውሃ ካልተነከረ ቆዳው አልከፈት ስለሚል፣ ይህን የሚያውቅ ችግኝ አፍዪ አለ፤ ሴቶቹ በጓሯቸው መደብ ሠርተው አፍልተው ይሸጣሉ። ተካይ አለ። ቆራጭ አለ። ከሰል አክሳይ አለ፤ ይህ ሰው የጭሱን መልክ አይቶ ክምሩ ደረሰ አልደረሰ የሚል፣ ሌሊት ከክምሩ ጎን የሚያድር፣ እሳቱ አየር ካገኘ ድካሙ ሁሉ አመድ እንደሚሆን የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ማዳበሪያ ሰፊ አለ። ጫኝና አውራጅ አለ። ደላላ አለ። ሾፌር አለ። ወደ አራት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከሰሉን በጣሳ የምትቸረችር ሴት አለች። በዚያ ከሰል ላይ ቡና የምታፈላው እመቤት፣ አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት የአንተው ባለቤት ናት።

ጫካ ሥራ የለውም ያለው ማን ነው?

* * *

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ ባለሙያዎቹ የት ነበርን?

ስለ ሌላ ሰው አልናገርም፤ ስለ ራሴ ልናገር። ተመርቄ የተመደብኩ ሰሞን የተሰጠኝ አንድ ጥንድ ቦት ጫማ፣ አንድ የዝናብ ልብስና አንድ ሜትር ነበር። ቦት ጫማው አላለቀም። ሁለት ዓመት ያህል ገጠር ለገጠር ከዞርኩ በኋላ «ጎበዝ ነው» ተባልኩና ወደ ጽሕፈት ቤት ተሳብኩ። በኛ አገር የገጠር ባለሙያ የሚሾመው እንዲህ ነው፤ ሥራውን በደንብ የሠራ እንደ ሆነ ከሥራው ያነሡታል። ከዚያ ወዲህ የኔ ደን ወረቀት ሆነ። በየሩብ ዓመቱ ስንት ችግኝ ፈላ፣ ስንት ተተከለ፣ ስንት ሰው ተሳተፈ እያልኩ ሠንጠረዥ ስሞላ ኖርኩ። ስንቱ ጸደቀ የሚል ዓምድ ሠንጠረዡ ላይ ነበረ። የሚሞላው ግን ከጠረጴዛ ሳይነሡ ነበር። እኔም ሞልቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ከዓመት በፊት ከብት የጋጠውን ተራራ «ሰማንያ በመቶ» ብዬ ሞላሁት። የበላይ አለቃዬ ሪፖርቱን አይተው «ዘጠና ብታደርገው ምናለ» አሉኝ። ዘጠና አደረግሁት።

ይህን የምናዘዘው ቤተ ሰቤ «ቢሮ ነው የሚሠራው» ሲሉ እውነታቸውን እንደ ሆነ እንድታውቅ ነው። የዳንግላዋ እናት ልጇ ደን ሲደርሰው ያለቀሰችው ደንን ንቃ ብቻ አይደለም። ደንን የተማረ ሰው ሲከበር ያየችው ከደን ሲወጣ ነው። እኔ ራሴ ምስክሯ ነኝ። የተከበርኩት ቦት ጫማዬን ያወለቅሁ ዕለት ነው።

ይህ ንቀት ከሰማይ አልወረደም። የቆየ በሽታ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸክላ የምትሠራውን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ማረሻው ከአንጥረኛው፣ ኩታው ከሸማኔው መምጣቱን እያወቅን ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው የሚሰድበውን የሚገሥጽ አዋጅ ማስነገር ነበረባቸው። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬ አንጥረኛውን በአደባባይ የሚሰድብ ቢቀንስም፣ ከሰል አክሳዩን «ጥቀርሻ» የሚል፣ ደን ጠባቂውን ከዘበኛ በታች የሚቆጥር ሞልቷል። ስድቡ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

የሚገርመው ደግሞ ስድቡ የሚመጣው በዛፍ ከቆመችው ከተማ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት በኋላ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ በማገዶና በቤት ሥራ አልቆ፣ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩ እስከ መነሣት ደርሰው እንደ ነበር በታሪክ የታወቀ ነው። ከተማዋን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። የያኔው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ለከተማዋ የዋለውን ውለታ ያህል ዛሬ ደግሞ የፋግታ ለኮማ ዲከረንስ እየዋለላት ነው። ታዲያ ውለታ የሚቆጥር ከተሜ ማን አለ? ከተሜውስ ለልጁ ሲመኝ «ዛፍ አብቃይ ሁንልኝ» ብሎ የመረቀ ማን ነው?

* * *

መንግሥታቶቻችንስ? መንግሥታቶቻችን ደንን የሚወዱት በዘመቻ ነው። ዘመቻ ደስ ይላል። ሰልፍ አለው፣ ቆብ አለው፣ ካሜራ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ለዓለም ተነገረ። እኔም የዚያን ቀን ተክያለሁ። መትከሉን አልቃወምም። ልጅ መውለድም ዘመቻ አይጠላም፤ ማሳደጉ ነው ሰው የሚፈልገው። በዚያ ቀን አካፋ የያዘው ሕዝብ በማግሥቱ ወደየሥራው ሄደ። ዛፉ በማግሥቱም እዚያው ነው። በበጋ ውሃ ሲጠማው፣ ከብት ሲገባበት፣ ትል ሲያርፍበት፣ ሲጠላለፍ መሳሳት ሲኖርበት እዚያው ነው። ያን ጊዜ የሚፈለገው ሰልፈኛ ሳይሆን አንድ ሰው ነው። ያን ኮረብታ በስሙ የሚያውቅ፣ በየሳምንቱ የሚረግጠው፣ ደመወዙም ክብሩም ከዚያ ኮረብታ ጋር የታሰረ አንድ ሰው።

እንዲህ ያለው ሰው እንዳይኖር ቤቱ ራሱ አይረጋም። በፌዴራል ደረጃ ደን በ2005 ዓ.ም. ከአካባቢ ጥበቃ ጋር ሚኒስቴር ሆነ። ደስ አለን። በ2011 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ ወርዶ ኮሚሽን ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ፈርሶ የአካባቢው ጉዳይ ለብቻው፣ ደኑም የኢትዮጵያ ደን ልማት ተብሎ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተጠጋ። በዘጠኝ ዓመት ሦስት ቤት! ዲከረንስ ተተክሎ ከሁለት ጊዜ በላይ ለመቆረጥ በማይበቃው ጊዜ ውስጥ መሥሪያ ቤቱ ሦስት ጊዜ ማኅተም ቀየረ። አንድ ወጣት «ደን ተምሬ ማን ጋ ነው የምቀጠረው?» ብሎ ቢጠይቅ ሞኝ ነው አይባልም።

ትምህርት ቤት አጣን እንዳንል ወንዶ ገነት ደን ማስተማር የጀመረው በ1970 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት የደን ሰው ወጥቷል! ከመካከላቸው ስማቸው በዓለም የታወቀ ምሁራን አሉ። በቅርቡም እዚያው እንጅባራ ላይ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ ዲከረንስን የሚያጠናም አልጠፋም። የያባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ምሁሩ በወረቀቱ፣ ገበሬው በማሳው ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለውን አሥር ኪሎ ሜትር ጭቃ የሚሻገር ሰው ነው የጠፋው።

* * *

የዚህ ሰው መጥፋት ያስከፈለውን ዋጋ ልንገርህ።

ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአዊ ዲከረንስ ላይ በሽታ ገባ። ቅጠሉ ላይ ዝገት የመሰለ ቡናማ ነገር ይወጣል። ቅጠሉ ይረግፋል፤ ቅርንጫፉ ይጨማደዳል፤ ዛፉ ማደጉን ያቆማል። የዝገት ዓይነት የፈንገስ በሽታ ነው። ገበሬው በመጀመሪያ ውርጭ መታው አለ። ቀጥሎ አቧራ ነው አለ። ቀጥሎ ቁጣ ነው አለ። ማንን ይጠይቅ? የቀበሌ የልማት ሠራተኛው የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሰው ነው፤ ስለ ዛፍ በሽታ አልተማረም። የተማርነው ደግሞ ከተማ ነን። ነገሩ በሽታ መሆኑ ተለይቶ ስሙ እስኪታወቅ ድረስ ስንቱ ማሳ ደርቋል፤ ስንቱ ሰው ዛፉን ሳይደርስ ቆርጦ በርካሽ ሸጧል። ልጁን በዲከረንስ ገንዘብ ያስተምር የነበረ፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ፣ በሬ የገዛ ገበሬ ነው ባዶ እጁን የቆመው።

በሽታው በኛ አልተጀመረም። የዲከረንስን የቅርብ ዘመድ በሰፊው የሚያለማው ደቡብ አፍሪካ በ2013 እ.ኤ.አ. ተመሳሳዩ ዝገት ገብቶበታል። ልዩነቱ ምን መሰለህ? ደቡብ አፍሪካ ይህን የዛፍ ወገን ብቻ የሚያጠና ተቋም ያቋቋመችው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። በሽታው ሲገባ ከሥልሳ ዓመት በላይ ያንን ዛፍ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች ዘር በዘር የወረሱት እውቀት ጠበቀው። በሽታው እነሱንም ጎድቷል፤ ቢሆንም ጠላታቸውን በስሙ ጠርተው ነው የተዋጉት። በኛ አገር በሽታው የገባው ሰው ወደሌለበት ቤት ነው። ገበሬው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ ጊዜ ዛፉን ብቻውን ተክሎ፣ ብቻውን አሳድጎ፣ ብቻውን ሸጦ ሲኖር አመሰገንነው። በታመመበት ዕለት ግን ሐኪም አላዘጋጀንለትም ነበር።

አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በአንድ አካባቢ ጥቅጥቅ ብሎ ሲተከል በሽታ እንደሚወደው የደን ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ላይ ይነገራል። እኔም ተምሬዋለሁ። ከመስኮቴ ሆኜ ዲከረንሱ ከኮረብታ ኮረብታ ሲገናኝ አይቻለሁ። «መካከል መካከሉ ላይ ሌላ ዛፍ አስገቡ፤ ኮሶውን፣ ብሳናውን፣ ዋንዛውን፣ ቀርከሃውንም አትርሱ» ብዬ ያን ኮረብታ ወጥቼ ለአንድ ገበሬ አልተናገርኩም። ሠንጠረዥ እየሞላሁ ነበር።

* * *

የሚቀርብብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። አንድ በአንድ ልመልስ።

«ከሰል እኮ ደን ያጠፋል፤ ጭሱም ሳንባ ይጨርሳል» ይሉኛል። ከተፈጥሮ ደን የሚወጣ ከሰል ደን ያጠፋል፤ እስማማለሁ። ተተክሎ የሚቆረጥና መልሶ የሚተከል ዛፍ ከሰል ግን ሰብል ነው። ጭሱ እውነት ነው፤ አክሳዩ ሌሊቱን ሙሉ ይስበዋል። ታዲያ ጭሱ የሚቀንስበትን የተሻለ ማክሰያ አምጥቶ ከአክሳዩ ጎን ቆሞ ማሳየት የማን ሥራ ነው? ይኸው አንድ የሥራ ዘርፍ እናንተው አገኛችሁልኝ።

«መሬቱ ሁሉ ዛፍ ከሆነ እህሉን ከየት እንብላ?» የሚሉም አሉ። ትልቅ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ዛፉን መንቀል አይደለም። የትኛው ማሳ ለዛፍ፣ የትኛው ለእህል፣ ስንት ዓመት ለየትኛው እንደሚሻል አፈሩን ለክቶ የሚመክር ሰው ይፈልጋል። ሁለተኛው የሥራ ዘርፍ።

«ደመወዙስ?» ይላል ወንድሜ። እዚህ ላይ አንገቴን እደፋለሁ። የገጠር ባለሙያ ደመወዝ አሳፋሪ ነው። አበል እንኳ የሚቆረጠው ለስብሰባ እንጂ ለኮረብታ አይደለም። ነገር ግን ደን ማለት የመንግሥት ደመወዝ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ የግል ደንን፣ የማኅበር ደንን፣ የማኅበረ ሰብ ደንን ከመንግሥት ደን ጎን አቁሞ ዕውቅና ሰጥቷል። ሦስት አራት ምሩቃን ተሰባስበው ጤነኛ ዘርና የተቀላቀለ ችግኝ የሚያቀርብ ጣቢያ ቢያቋቁሙ፣ የገበሬውን ማሳ እየዞሩ በክፍያ ቢመክሩ፣ የእንጅባራን ቀርከሃ ከአጥርና ከሙዳይ አሳልፈው ወደ ደኅና ዕቃ ቢለውጡት የሚከለክላቸው ሕግ የለም። የሚከለክላቸው የእናታቸው እንባና የጎረቤት ከንፈር መጠጣ ነው።

«ጊዜው ጊዜ ነው ወይ?» የሚለኝም አለ። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የተቀሰቀሰው ጦርነት ከሰል የጫነውን መኪና ብቻ ሳይሆን ሰውንም ከመንገድ ያስቀረ ጦርነት ነው። ባለሙያ ገጠር ውጣ ማለት በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀላል ቃል አይደለም፤ ከሞቀ ወንበሬ ላይ ሆኜም አልለውም። ግን ገበሬው የትም አልሄደም። ዛፉም የትም አልሄደም። ሰላም በመጣ ዕለት ምን ይዘን እንደምንወጣ ዛሬ መማር እንችላለን።

ደግሞም ስለ ምሩቃን ብቻ አላወራሁም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ልጆች የት ናቸው? በየከተማው ባጃጅ ተራ፣ በየድንበሩ የስደት መንገድ ላይ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። አፈሩን በእግራቸው ያውቁታል። አንድ ዓመት ችግኝ ማፍላት፣ በሽታ መለየት፣ መሳሳት፣ ግንድ መለካት ቢማሩ ማንም ዩኒቨርሲቲ የማይሰጣቸውን እንጀራ ያገኙ ነበር። እኛ ግን ፈተና የወደቀውን ልጅ «እንግዲህ እርሻ ግባ» እንለዋለን፤ እንደ ቅጣት። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይባል የለ? ሥራውን የቅጣት ስም ሰጥተን ስናበቃ፣ ወጣቱ ሥራ ናቀ ብለን እንወቅሳለን።

* * *

ወደ ዳንግላው ቤት ልመለስ።

በማግሥቱ ጠዋት ልጁን ይዤው ወደ አያቱ ማሳ ሄድን። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። አሮጌውን ቦት ጫማዬን ከወንድሜ ቆጥ ላይ አውርጄ ነበር፤ አልጠበበኝም። ዲከረንሱ አራት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ሊቆረጥ ይገባ ነበር። ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ነው። ጠጋ ስንል ጫፉ ሁሉ ቡናማ ነው። ልጁ አንድ ቅርንጫፍ ሰበረና በጣቱ ፈተገው። ጣቱ ዛገ።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ዝገት ይሉታል። ፈንገስ ነው።»

«ከየት መጣ?»

«ስፖሩ በነፋስ ይሄዳል።»

«መድኃኒቱስ?»

ለአያት ማሳ የሚሆን፣ ገበሬ ከፍሎ የሚችለው መድኃኒት አልነገርኩትም፤ የምነግረው አልነበረኝም። ልጁ ቆየና «የማይታመመው ዛፍ የለም? ይኸውና ያኛው አልታመመም» አለኝ። ያየው ትክክል ነው። ከመቶዎቹ መካከል አንድ ዛፍ አረንጓዴ እንደ ሆነ ቆሟል። አጠገቡ ያሉት ሁሉ ዝገው እሱ አልዛገም። ዘሩ ይጠና ይሆን? ዕድለኛ ሆኖ ነው ወይስ ጠንካራ? እኔ ሃያ ዓመት የደን ሰው ተብዬ ስጠራ እንዲህ ብዬ አልጠየቅሁም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በግማሽ ሰዓት ጠየቀ። ደን የደረሰው ልጅ።

ማታ ለወንድሜ «አላስቀይርለትም» አልኩት። ተቆጣ። «አንተ ራስህ ጫካ ውስጥ ያልኖርክበትን ለልጄ ትመርቃለህ?» አለኝ። ልክ ነው፤ የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው። ለዚህ ነው ለልጁ ምክር ያልሰጠሁት። ለወንድሜ ግን የነገርኩትን ለአንተም እነግርሃለሁ፣ አንባቢ ሆይ። ልጅህ ደን ሲደርሰው አታልቅስ። ይልቁን የደን ሰው ጎበዝ ሲሆን ከደኑ የሚያወጣውን መሥሪያ ቤት ጠይቅ። የተተከለውን ቆጥሮ የጸደቀውን የማይቆጥረውን ሪፖርት ጠይቅ። እኔንም ጠይቀኝ፤ ዘጠና በመቶ ያልኩት ተራራ የት እንዳለ።

ልጁ የሚወስነውን እሱ ይወስናል። መስከረም ላይ ሲሄድ እናቱ ሻንጣውን ስታስተካክል በጋዜጣ የተጠቀለለ ደረቅ ቅርንጫፍ አግኝታ ቆሻሻ መስሏት ልትጥለው ነበር። «ተዪው እማ» አላት። «እሱ የትምህርት ዕቃዬ ነው።»